እንቁላልን በካሜራ መለየት፦ ያዋጣል ወይስ ትርፉ ልፋት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች ስለ ዶሮና ስለ እንቁላል ናቸው። አንደኛው ረዘም ያለና ብዙዎቻችሁን የሚነካ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተነዋል፤ ሌሎቹን አጠር አጠር አድርገን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ወንድሜ ዘንዘልማ አካባቢ 700 ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች አሉን። በቀን 600 ገደማ እንቁላል እንሰበስባለን። እስከ ዛሬ በትሪ 30 30 እያደረግን ለሱቅ ነበር የምናስረክበው፤ ማንም ስለ መጠን ጠይቆን አያውቅም። አሁን ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ሊወስድልን ፈልጎ «ትልቅና ትንሽ ከቀላቀላችሁ አልቀበልም» አለን። ማታ ማታ ቁጭ ብለን በዓይን እንለያለን። እኔ ትልቅ ያልኩትን ወንድሜ መካከለኛ ይለዋል፣ በዚያው ጭቅጭቅ ነው። ኢንተርኔት ላይ ካሜራ እንቁላል በመጠን ሲለይ አይቻለሁ። በስልኬ ካሜራ እንዲህ ዓይነት ነገር መሥራት ይቻላል? ኮድ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።
ከዘንዘልማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቻላል። ያን ያህል ከባድም አይደለም። ግን ኮምፒውተሩን ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፤ ካሜራ አይመዝንም። የሚያየው የእንቁላሉን ርዝመትና ወርድ ብቻ ነው። ክብደቱን ከዚያ ተነስተን የምንገምተው እኛ ነን። ስለዚህ መጀመሪያ ሄደህ የምታነጋግረው የሆቴሉን ሼፍ ነው። አምስት ስድስት የተለያየ መጠን ያላቸው እንቁላሎች ይዘህ ሂድና «የትኞቹን ትቀበላለህ፣ የትኞቹን ትመልሳለህ?» በለው። ለቁርስ ሰሃን ከሆነ የሚፈልገው በዓይን እኩል የሚመስል ነገር ነው፤ ያኔ ካሜራም ይበቃሃል። ኬክ የሚጋግር ከሆነ ግን ግራም ነው የሚያሰላው፤ እዚያ ላይ ካሜራው ያሳማሃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልክህን ካሜራውን ወደ ታች አድርገህ ከፍ ካለ ነገር ላይ ታስረዋለህ። ከሥሩ ሰማያዊ ጨርቅ ታነጥፋለህ። ሰማያዊ ያልኩህ በምክንያት ነው። ማንኛውም ዲጂታል ፎቶ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ንብርብር የተሠራ ነው። ቀዩን ንብርብር ብቻ ነጥለህ ብታየው ሰማያዊው ጨርቅ ጥቁር ይሆናል፤ እንቁላሉ ግን ቡናማም ሆነ ነጭ ደምቆ ይወጣል። ነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ እንቁላል አስቀምጠው የሚሰቃዩ ሰዎች አሉ፣ አንተ ከዚያ ተርፈሃል ማለት ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ «ከዚህ በላይ የደመቀው እንቁላል፣ ከዚህ በታች የጠቆረው ጨርቅ» ብሎ የሚለይበት ድንበር ያስፈልገዋል። ድንበሩን በግምት አትስጠው፤ ደመና ሲመጣና ፀሐይ ሲወጣ ይበላሽብሃል። ኦትሱ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ዘዴ አለ፤ ፎቶውን ራሱ አይቶ ተስማሚውን ድንበር ያገኝልሃል። ኦፕን ሲቪ ውስጥ አንድ መስመር ኮድ ነው። ኦፕን ሲቪ እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንቴል ውስጥ የተጀመረ የምስል ማቀናበሪያ መሣሪያ ነው፣ በነፃ ይወርዳል፣ ፓይተን ከሚባለው የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ጋር ይሠራል። ድንበሩ ከተገኘ በኋላ የእያንዳንዱን እንቁላል ዙሪያ ያወጣልሃል። በዙሪያው ልክክ የሚል ሳጥን ትገጥምለታለህ። የሳጥኑ ረጅም ጎን ርዝመቱ ነው፣ አጭሩ ጎን ወርዱ። በቃ።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሆይት የተባለ ተመራማሪ የወፍ እንቁላሎችን ለክቶ ያወጣው ቀመር አለ። የእንቁላሉን ርዝመት በወርዱ ታባዛለህ፣ አንዴ ደግመህ በወርዱ ታባዛለህ፣ ከዚያ በ0.51 ታባዛለህ፤ ይዘቱን ይሰጥሃል። ምሳሌ እንውሰድ። 5.7 ሴንቲሜትር ርዝመትና 4.3 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው እንቁላል ይዘቱ 53.7 ሴንቲሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ትኩስ እንቁላል በሴንቲሜትር ኩብ 1.08 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን ክብደቱ 58 ግራም ይመጣል። ወርዱ ሁለት ጊዜ መባዛቱን ልብ በል። እዚያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ብትስት፣ ማለትም 4.3 የነበረውን 4.4 ብለህ ብታነበው፣ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ስህተት ትሸከማለህ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን። ፎቶው የሚሰጥህ ፒክስል (ፎቶው የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ነው፣ አንተ የምትፈልገው ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ስፋቱን በካሊፐር (ዕቃውን በመንጋጋው ይዞ በሚለካ መሣሪያ) የለካኸውን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የአንድ ብር ሳንቲም፣ ከእንቁላሉ አጠገብ ታስቀምጣለህ። ሳንቲሙ ይህን ያህል ፒክስል ከሆነ አንድ ሚሊሜትር ይህን ያህል ፒክስል ነው ትላለህ። እስከዚህ ልክ ነው። ችግሩ ሳንቲሙ ጨርቁ ላይ ተኝቷል፤ የእንቁላሉ ወፍራም ወገብ ግን ከጨርቁ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለካሜራው ቀርቧል። የቀረበ ነገር ትልቅ ሆኖ ይታያል። ስልክህ ከጨርቁ 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ እንቁላሉ በርዝመትም በወርድም ከ5 በመቶ በላይ ይጋነናል። ትንሽ ትመስላለች፣ አይደል? ግን ሦስት ጊዜ ስትባዛ ክብደቱ ላይ 18 በመቶ ትሆናለች። ያ 58 ግራም የነበረው እንቁላል 68 ግራም ሆኖ ይመዘገብልሃል። ሼፉ ሲመዝነው ምን እንደሚልህ አንተው ገምት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከ2.1 እስከ 2.2 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ቁረጥና ሳንቲሙን እላዩ ላይ አስቀምጠው። አሁን ሳንቲሙና የእንቁላሉ ወገብ ከካሜራው እኩል ይርቃሉ። ስልኩንም ከፍ አድርገው። 80 ሴንቲሜትር ላይ ከሰቀልከው እንጨቱን ብትረሳ እንኳ ስህተቱ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ከፍ ሲል ጥራቱ ይቀንሳል ብለህ አትስጋ። የዛሬ ስልክ ፎቶ በወርዱ 4000 ፒክስል አለው፤ ግማሽ ሜትር ጨርቅ ቢያነሳ እንኳ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 8 ፒክስል ይደርሰዋል። ከበቂ በላይ ነው። «የተሻለ ካሜራ ያስፈልገኛል» እያለ አዲስ ስልክ ሊገዛ የሚነሳ ሰው አለ፤ ገንዘቡን ለመኖ ቢያውለው ይሻለዋል።

ሌላው ትሪው ነው። እንቁላል ትሪ ውስጥ ቀጭን ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ነው የሚቆመው። ከላይ ስታነሳው የሚታይህ ክብ ነው፣ ወርዱን እንጂ ርዝመቱን አታገኝም። እንዲያውም ወርዱ ብቻውን ብዙ ይናገራል፣ ለሻካራ ልየታ ይሆናል፤ ግን ረጅምና ቀጭን እንቁላል ሁልጊዜ ይሸውድሃል። በትክክል ለመለካት አጋድመህ አስቀምጠው። እንቁላሎቹም አይነካኩ፤ ከተነካኩ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ አንድ ግዙፍ እንቁላል ይቆጥራቸዋል። ኩስ የተለጠፈበት እንቁላልም ዙሪያው ተቆርሶ ይወጣል። ብርሃኑ ደግሞ ከሁለት ወገን ይምጣ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ማዶው ጥላ ውስጥ ይገባና እንቁላሉ የጠበበ ይመስላል።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ። በቀን 600 እንቁላል ላለው ሰው እኔ ካሜራ አልመክርም። ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ግዛ። በባትሪ ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋም አያቆምህም። አንዱን እንቁላል በ4 ሴኮንድ ብትመዝን 600ው በ40 ደቂቃ ያልቃል። ያውም ሁሉንም መመዝን የለብህም፤ ግልጽ ትልቁንና ግልጽ ትንሹን በዓይን ለዩና የምትጨቃጨቁበትን ብቻ ሚዛን ላይ አውጡት። ወንድምህ ከሚዛን ጋር አይከራከርም። ሚዛኑም ይሰለቸኛል ካልክ አናጢ ጋ ሂድና ኮምፔንሳቶ ላይ በወርድ የተለያዩ ክብ ቀዳዳዎች አስበሳ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስለስል፤ ያለፈውና ያላለፈው ራሱ ይነግርሃል።

ትልልቆቹ የእንቁላል መለያ ማሽኖችም ቢሆኑ በመጠን የሚለዩት በአብዛኛው እያንዳንዱን እንቁላል መዝነው ነው። ካሜራውን የሚጠቀሙት ቆሻሻ ለመለየት ነው፤ ለስንጥቅ ደግሞ ቅርፊቱን ቀስ ብለው እያንኳኩ ድምፁን የሚያዳምጡ አሉ። ድሮ እናቶቻችን ሁለት እንቁላል ቀስ አድርገው እያጋጩ ሲሰሙ ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። ካሜራ የሚያዋጣህ እንቁላሉ በሺዎች ሲሆንና በአንድ ጊዜ መቁጠርም፣ ቆሻሻውን መለየትም፣ መመዝገብም ስትፈልግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓን ደረጃ እንዳለ አትገልብጠው። እዚያ ከ53 ግራም በታች ትንሽ፣ ከ53 እስከ 63 መካከለኛ፣ ከ63 እስከ 73 ትልቅ፣ 73ና ከዚያ በላይ በጣም ትልቅ ይባላል። አንተ መጀመሪያ የራስህን ሦስት ትሪ መዝንና ጻፍ። አብዛኛው እንቁላልህ 63 ግራም አካባቢ ከተከማቸ ድንበሩን እዚያው ላይ ማድረግ ራስን ማድከም ነው፤ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይዘልልሃል። ጥቂት እንቁላል ብቻ በሚገኝበት ክብደት ላይ ድንበር አድርግ፤ ሼፉ ከተስማማ የማንም ደረጃ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ እንቁላልን በምስል በመጠን መለየት ነው። ጓደኞቼ «ዲፕ ለርኒንግ (ኮምፒውተሩ ከብዙ ምሳሌ ራሱ የሚማርበት ዘዴ) ካልገባበት ፕሮጀክት አይባልም» ይሉኛል። ስንት ሺህ ፎቶ መሰብሰብ አለብኝ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ለመጠን አንድም ሺህ አያስፈልግሽም። መጠን የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው፤ ከላይ ለወንድምሽ የጻፍነው ሳጥንና ቀመር ይሠራዋል። ዲፕ ለርኒንግ የሚያስፈልገው በቀመር መግለጽ የሚያቅት ነገር ሲመጣ ነው፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ፣ የኩስ እድፍ፣ ቅርጹ የተጣመመ እንቁላል። ጓደኞችሽን ዝም ማሰኘት ከፈለግሽ መጠኑን በጂኦሜትሪ ሥሪውና ስንጥቁን ለዲፕ ለርኒንጉ ስጪው።

አማካሪሽ የሚጠይቅሽ ግን ሌላ ነው፤ «በምን አረጋገጥሽ?» እያንዳንዱን እንቁላል ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት በሚዛን መዝኚና ቅርፊቱ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፊበት። ቁጥሩ ከካሜራው በተቃራኒ ይሁን፣ ፎቶው ላይ እንዳይታይ። ቀመርሽን ያስተካከልሽባቸውን እንቁላሎች ለፈተና አትጠቀሚ፤ ሌላ ክምር ያዢ። ውጤትሽን ስታቀርቢ «ይህን ያህል በመቶ ልክ ነው» ብቻ ብለሽ አትለፊ። በአማካይ በስንት ግራም እንደሚስት ተናገሪ፤ ድንበር ላይ ያሉትን እንቁላሎች ለይተሽ አሳዪ። ስህተትሽ 3 ግራም ከሆነና ድንበርሽ 53 ላይ ከሆነ ከ50 እስከ 56 ያለው ሁሉ አጠራጣሪ ነው። ይህንን ራስሽ ቀድመሽ ካነሳሽው ፈታኙ የሚጠይቅሽ ያጣል። እንቁላሎቹም የአንድ ቀን ይሁኑ፤ ተቀምጦ የቆየ እንቁላል ውኃው በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እየተነነ ክብደቱ ይቀንሳል፣ መጠኑ ግን ያው ነው። ካሜራሽ ያንን አያይም፣ ጥፋቱ ግን የቀመርሽ ይመስልሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ ይህን መጽሔት ሲያነብልኝ ሰምቼ ነው የማስጽፈው። እኔ ከዘጌ የሀበሻ እንቁላል እያመጣሁ ነው የምሸጠው። እንግዲህ በማሽን ይለካ ከተባለ የእኔ እንቁላል ትንሽ ነው ተብሎ ዋጋው ሊወድቅ ነው? ደግሞስ የተበላሸውን ያውቀዋል?
ከዘጌ

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን በፈረንጅ ልኬት ከሄድን ሁሉም «ትንሽ» የሚባለው ውስጥ ይገባል። ገዢው ግን እሱን የሚፈልገው ለግራሙ አይደለም፤ ለአስኳሉ ቀለምና ለጣዕሙ ብሎ በፍሬ የበለጠ ይከፍልበታል። ስለዚህ የሀበሻውንና የፈረንጁን አንድ ላይ አድርጎ በመጠን መለየት መጀመሪያውኑ ስህተት ነው። መጀመሪያ በዓይነት ይለያል፣ መጠን ከዚያ በኋላ ነው። ተረካቢዎ ሁለቱን አንድ ላይ አሰልፎ ዋጋ ሊቀንስብዎ ከመጣ ይህንኑ ይንገሩት፤ ካልተቀበለ ሌላ ተረካቢ አይጠፋም።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ፣ መጠን የሚለካ ካሜራ የተበላሸውን አያውቅም። የልጅዎ ስልክ ባትሪ ግን ያውቃል። ጨለማ ክፍል ይግቡና መብራቱን አብርተው የእንቁላሉን ወፍራም ጫፍ በላዩ ላይ ያስጠጉት፤ ብርሃኑ በጎን እንዳያመልጥ በእጅዎ ይክበቡት። ትኩስ ከሆነ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያለው አየር የያዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ አስኳሉም እንደ ደብዛዛ ጥላ ሆኖ መሐል ላይ ይቆያል። እንቁላሉን ቀስ አድርገው ሲያዞሩት አስኳሉ ወዲያ ወዲህ ከተንቀዋለለና የአየሩ ቦታ ከሰፋ ቆይቷል። ውስጡ ሁሉ ከጠቆረ ወይም የደም ቀለበት ካዩ አይሽጡት። ውኃ ውስጥ አስገብቶ መሞከርም አለ፤ ትኩሱ ከሥር ይጋደማል፣ የቆየው ይቆማል፣ በጣም የቆየው ይንሳፈፋል። ግን የሚሸጠውን ሁሉ ውኃ ውስጥ አይንከሩት። ቅርፊቱ ላይ ተፈጥሮ የቀባችው ስስ ሽፋን አለ፤ እሱ ከታጠበ እንቁላሉ ቶሎ ይበላሻል። ከተጠራጠሩ አንድ ሁለቱን ብቻ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ከመጋቢት ጀምሮ እንቁላሌ በመጠን እያነሰ መጣ። መኖ አልቀየርኩም። ዶሮዎቹ ሳይታመሙ አይቀሩም?
ከሰባታሚት

መልስ፦ ሊታመሙ ይችላሉ፤ ግን ቀድመህ ሙቀቱን ጠርጥር። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር እንዴት እንደምታቃጥል ላንተ አይነገርም። ዶሮ አታልብም፤ አፏን ከፍታ ነው የምታለከልከው። በሙቀት መብላት ትቀንሳለች፣ የሚገባው ሲቀንስ የሚወጣውም ያንሳል። ማለክለኩ ራሱ ደግሞ ቅርፊቱን ያሳሳዋል። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች። ትናንት ያቀረብከውንና ማታ የተረፈውን መዝነህ ለዶሮዎቹ ብዛት አካፍለው። ከዚያ በብዙ ካነሰ መኖውን በማለዳና ፀሐይ ሲበርድ ስጥ፣ ውኃውን ጥላ ውስጥ አድርገህ ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ ጣሪያው ላይ ሣር ጣል። ዶሮዎችህ ገና መጣል የጀመሩ ከሆኑ ደግሞ አትጨነቅ፤ የመጀመሪያ ወራት እንቁላል ሁልጊዜ ትንሽ ነው። የሚበሉት ሳይቀንስ እንቁላሉ ካነሰ፣ ወይም ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ካሽቆለቆለ፣ ወይም የሚያስሉ ካየህ፣ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጥራ።